በ1500 ብር የሁለተኛ ክፍልን ማሰናዳት፦ ለአንዲት መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ 58 ልጆች እንደሚደርሱኝ ተነግሮኛል። ክፍሉ የጭቃ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ተላልጧል። ከሰዓት በኋላ በሌላ ፈረቃ ሌላ መምህር ይገባበታል። አምና የሰቀልኳቸው ቻርቶች ጥቅምት ሳይጋመስ ተቀዳደው አለቁ። ቴሌግራም ላይ የማያቸው የግል ትምህርት ቤት ክፍሎች ያስቀኑኛል። ከራሴ 1500 ብር መድቤያለሁ። ምን ልግዛ? ምን ልስቀል? መጋረጃስ ያስፈልጋል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ 1500 ብሩን ለጊዜው ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው። አትጠቀሚበት ማለቴ አይደለም። ግን የመጀመሪያው ሥራ ብር አይጠይቅም። ክፍል እናሳምር ስንል አብዛኞቻችን በቀጥታ ወደ ስቴሽነሪ ነው የምንሮጠው። ባለቀለም ወረቀት፣ ፊኛ፣ የሚያብለጨልጭ ሪባን፣ የታተመ ፖስተር እንገዛለን። በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ክፍሉ ሠርግ ቤት ይመስላል። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ሠርጉ ያለፈበት ቤት።

እኔ የታችኛውን ክፍል ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ አሁን መምህራንን አሠለጥናለሁ። በሥራዬ ምክንያት ብዙ ክፍል አያለሁ። ልጆች በደንብ የሚማሩባቸው ክፍሎች ሁልጊዜ ፎቶ የሚያምርላቸው አይደሉም። ስለዚህ አንድ መለኪያ ልስጥሽ። ክፍል ውስጥ የምታስገቢው ነገር ሁሉ ልጁ የሚያነበው፣ የሚነካው ወይም የሚሠራበት ይሁን። ከእነዚህ አንዱንም ካልሆነ ይቅርብሽ።

ይህን የምልሽ ከራሴ ዓይን ብቻ ተነሥቼ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፒትስበርግ ያለው የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆችን በሁለት ዓይነት ክፍል ሳይንስ አስተማሩ። አንደኛው ግድግዳው ጢም ብሎ በሥዕልና በፖስተር የተሞላ ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ግድግዳው በተሞላበት ክፍል ልጆቹ ዓይናቸው እየተንከራተተ ከትምህርቱ ይወጡ ነበር፤ ውጤታቸውም ዝቅ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዙ ሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ27 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 153 ክፍሎችን ያጠናበትን ውጤት አወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆች ባሳዩት መሻሻል መካከል ካለው ልዩነት 16 በመቶው ከክፍሉ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የያዙት እንደ ብርሃን፣ ሙቀትና ንጹሕ አየር ያሉት ናቸው። ከግድግዳው ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ባዶ ይሁን ብለውም መክረዋል።

ታዲያ ይህን አንብበሽ «እንግዲያው ባዶውን ልተወው» እንዳትዪ። የእነሱ ችግር ግድግዳው ከመጠን በላይ መሙላቱ ነው። የእኛ ልጅ ግን ቤቱ ውስጥ አንድም የታተመ ነገር ላይኖረው ይችላል። ፊደልን በትልቁ ተጽፎ የሚያየው ክፍል ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይሰቀል። ግን ተመርጦ ይሰቀል።

አሁን ወደ ክፍልሽ እንግባ። ጳጉሜን ከመድረሱ በፊት ሁሉንም ነገር አውጪ። የተሰበረ ዴስክ፣ ያረጀ ቻርት፣ አምና የታረመ የፈተና ወረቀት፣ በር ጀርባ የተከመረ መጥረጊያ፣ ሁሉም ይውጣ። ባዶ ክፍል ስታዪ የማታውቂው ቦታ ይመስልሻል። ከዚያ መስኮቱን እጠቢ። እውነቴን ነው፤ የአንድ ክረምት አቧራና ጭቃ የለበሰ መስታወት ታጥቦ ክፍሉ ሲበራ ስታዪ ትገረሚያለሽ። መስኮቱ የቆርቆሮ ከሆነ ማጠፊያው ዝጎ በግማሽ ብቻ ይከፈት እንደሆነ እዪ። ጥቂት ዘይት ያላቅቀዋል። ውጭ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ብርሃኑን ከጋረደው ጥበቃውን አስቆርጪው።

ቀጥሎ ግድግዳው። የተቦደሰውን ቦታ በጭድ በተቦካ ጭቃ ድፈኚው። በዚህ ወቅት ቶሎ አይደርቅልሽም፤ ስለዚህ ቀድመሽ ጀምሪ። ጭቃው ደርቆ ስንጥቁን ሳይጨርስ ኖራ ብትቀቢው ይላጣል። ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባ። ኖራ ርካሽ ነው፤ ብርሃንም ይመልሳል። ጥቂት ጨው ሲገባበት ልብስ ላይ ብዙ አይለቅም። ሥራውን አዋቂዎች ይሥሩት። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። ከታች አንድ ሜትር ያህሉን ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም ብታስቀቢው ደግ ነው። 58 ልጅ ትከሻውንና እጁን የሚያብሰው እዚያ ነው። የዘይት ቀለም ካልተገኘ ግን ለዚህ ብለሽ አትጨነቂ።

ለዚህ ሁሉ ከኪስሽ አታውጪ። ኖራውን ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ። ስኩል ግራንት የምንለው ዓመታዊ ድጎማ ከሚውልባቸው ነገሮች አንዱ መማር ማስተማር ነው። ችግሩ ዕቅዱ ሲወጣ የታችኛውን ክፍል የሚያስታውስ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ። አንድ ገጽ ይበቃል። «ይህን ያህል ኖራ፣ ይህን ያህል ቀለም፣ ለዚህ ክፍል» ብለሽ በቁጥር አስቀምጪው። ጉልበቱን ደግሞ ከወተመህ፣ ማለትም ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጠይቂ። ከ58 ልጅ ወላጆች መካከል ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ቀለም ቀቢ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ አይጠፋም። ሰው ብር ስጠኝ ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻዎን ይዘው ይምጡልኝ» ሲባል ግን ደስ ብሎት ይመጣል። ከልጆች ብር ማሰባሰብን ግን አልመክርሽም። ያላመጣው ልጅ ክፍሉን እንደ ራሱ አያየውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቻርቶችሽ የተቀደዱት የከሰዓቱ ፈረቃ ልጆች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ወረቀት ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ተሰቅለው ይውሉ ነበር፤ የተለጠፉትም ፕላስተር በማይዝ ግድግዳ ላይ ነው። ኖራ በተቀባ ጭቃ ላይ ፕላስተር ሁለት ቀን አይቆይም። ኖራውን ይዞ ይወርዳል።

መፍትሔው ማዳበሪያ ነው። ነጭ የዱቄት ወይም የስኳር ማዳበሪያ። አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የጉድኝት ማዕከላችሁ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ማዕከል) ፔዳጎጂካል ሴንተር፣ ማለትም የመርጃ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ገብተሽ ከሆነ በማዳበሪያ ላይ የተሣለ የሰውነት ክፍል ወይም ካርታ ሳታዪ አትቀሪም። ልዩነቱ እዚያ ያሉት ብዙ ጊዜ ተቆልፎባቸው አቧራ ይለብሳሉ። አንቺ ግን ክፍልሽን በሙሉ በማዳበሪያ ሥሪው። አይቀደድም፤ ውሃ አይፈራም፤ ይጠቀለላል። በፈረቃ ለሚሠራ ክፍል ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳቦ ቤት ሄደሽ ባዶ ማዳበሪያ ጠይቂ። የ50 ኪሎው ጎኑና ታቹ ሲተረተር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚጠጋ ሸራ ይወጣዋል። በደንብ አጥበሽ አድርቂው፤ የዱቄት ሽታ አይጥ ይጠራል። ማስታወቂያ ያለበትን ፊት ወደ ኋላ አዙሪው። ጠርዙ ክሩ እየተመዘዘ ስለሚያልቅ ሁለቴ ታጥፎ በመኪና ይሰፋ። እዚህ ጋ ነው ልብስ ሰፊው ወላጅ የሚያስፈልግሽ። አንዳንዶች ጠርዙን በሻማ ያቀልጡታል። ይሠራል፤ ግን ጭሱ መጥፎ ነው፤ የቀለጠው ፕላስቲክም እጅ ላይ ይጣበቃል። ብታደርጊው እንኳ ውጭ ሆነሽ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። የላይኛው ጠርዝ ሲታጠፍ ዘንግ የሚያስገባ ሰፋ ያለ ቱቦ ይተውለት። የታችኛውም እንዲሁ፤ ዘንጉ ክብደት ሆኖ ሸራውን ቀጥ ያደርገዋል።

ለመጻፍ የማይለቅ ወፍራም ማርከር ወይም በቀጭን ብሩሽ የዘይት ቀለም ተጠቀሚ። መጀመሪያ በእርሳስና በማስመሪያ መስመር አስምሪ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ከሩቅ ይታያል። ቢጫና ብርቱካን ለጽሑፍ አይሆኑም፤ ከሦስተኛው ዴስክ በኋላ ይጠፋሉ።

ፊደሉን እንዴት እንደምትከፋፍዪ ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ብዙ ክፍል ይሳሳታል። ስቴሽነሪ የሚሸጠው የፊደል ገበታ 33ቱን ዘሮች በሰባት በሰባት፣ 231ዱን ፊደላት በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ይዟል። ለቤት ጥሩ ነው። ለክፍል ግን ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ ጉንዳን ነው። ክፍልሽ እንደ ብዙዎቹ ክፍሎቻችን 7 በ8 ሜትር ከሆነ የመጨረሻው ልጅ ከሰሌዳው ስድስት ሰባት ሜትር ይርቃል። ለእሱ ፊደሉ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ቁመት ይኑረው። ለእያንዳንዱ ፊደል 10 ሳንቲሜትር ቦታ ስጪ። ሰባቱ ሆሄያት 70 ሳንቲሜትር ይይዛሉ። 33ቱን ዘሮች ለአራት ማዳበሪያ ካካፈልሽ በሦስቱ ላይ ስምንት ስምንት፣ በአንዱ ላይ ዘጠኝ ዘር ይደርሳል። ልክ ይገባል። አራቱንም በአንዴ መስቀል የለብሽም። የምታስተምሪው የትኛው ላይ እንዳለ አይተሽ እሱን ፊት ለፊት አውርጂ፤ ሌሎቹ ጎን ግድግዳ ላይ ይሁኑ።

ሁለት ከፍታ ለዪ። ከሩቅ የሚነበበው ነገር ከልጆች ጭንቅላት በላይ ይሁን፤ ካልሆነ የፊተኛው ልጅ ይጋርደዋል። የሚነካውና የሚንቀሳቀሰው ነገር ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር አካባቢ፣ በልጁ ዓይንና እጅ ልክ ይውረድ። መምህር ቻርት የሚሰቅለው በራሱ ዓይን ልክ ነው። ይህ ለሁለቱም አይሆንም። ለሩቁ አጭር ነው፤ ለእጅ ደግሞ ረጅም።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንዲሁ ብትመቺ ፈርሶ ይወርዳል። በጣትሽ አጥንት እያንኳኳሽ ቋሚውን ወይም ማገሩን ፈልጊ። ድምፁ ይለያል። እዚያ ላይ ረዘም ያለ ሚስማር ይመታ። ከቋሚ ወደ ቋሚ ጠንካራ የናይለን ገመድ ወጥሪ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ሲባጎ ይረግባል። ሽቦ ይጠነክራል፤ ግን ጫፉ የልጅ ዓይን ልክ ላይ ስለሚቀር አልወደውም። ማዳበሪያዎቹ በዘንጋቸው ገመዱ ላይ ይንጠለጠላሉ። የልብስ መቆንጠጫ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይይዝልሻል።

ፈረቃሽ ሲያልቅ ሁለት ተረኛ ልጆች የታችኞቹን ጠቅልለው ያስራሉ። ይህ ከደወሉ በፊት ያለው የመጨረሻ ሥራ ይሁን። የላዮቹ ባሉበት ይቆዩ። የከሰዓቱን መምህር ግን ሳታናግሪ እንዳትጀምሪ። ምናልባት እሱም ስለ አንቺ ልጆች ተመሳሳይ እሮሮ ይኖረው ይሆናል። ፊደሉ፣ ቁጥሩና የቀን መቁጠሪያው ለሁለታችሁም ይሠራል። አብራችሁ ብትሠሩት ወጪው ይጋመሳል፤ ጠባቂውም ሁለት ይሆናል። እሱ የሚያስተምረው አምስተኛ ክፍል ከሆነ ደግሞ ልጆቹ በሥዕልና በእጅ ጽሑፍ ሊያግዙሽ ይችላሉ። ራሱ የጻፈውን የሚቀድ ልጅ ጥቂት ነው።

የቀን መቁጠሪያው ነገር ለብቻው ይነገር። እኔ በጣም የምወደው የክፍል ዕቃ ነው። ማዳበሪያው ላይ ሰባት ዓምድና ስድስት ረድፍ ያላቸው ትንንሽ ኪሶች አሰፊ። ከላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ይጻፍ። ከ1 እስከ 30 የተጻፈባቸው የካርቶን ቁራጮች አዘጋጂ። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ እነዚያው ካርዶች ከመስከረም እስከ ነሐሴ ይሠራሉ። ለጳጉሜን አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ ትመዢለሽ። ወር ሲገባ ልጆቹ ራሳቸው ካርዶቹን አውጥተው እንደገና ይደርድሩ። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ይውላል፤ ኅዳር 1 ሰኞ ይሆናል። ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይሸሻል። ለምን? 30 አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ። ይህን ለልጆቹ ቀድመሽ አትንገሪያቸው። ታኅሣሥ አካባቢ አንዱ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ቀጥሎ ረቡዕ ነው የሚውለው!» ይልሻል።

ለሒሳብ የሃይላንድ ክዳን ሰብስቢ። እያንዳንዱ ልጅ ሃያ ክዳን ከቤቱ ወይም ከሰፈር ሱቅ ቢያመጣ ከሺህ በላይ ይኖርሻል። ቆርኪም ይሆናል፤ ግን ጥርሱ ይጭራል፤ ክዳኑ ይሻላል። በሳሙና ይታጠብ። አሥር አሥር እያሉ ለመቁጠር ደግሞ አሥር አሥር እንጨት በክር የታሠረ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ የተቆረጠ ሃይላንድ መያዣ ስጪ፤ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኚው። በትልቅ ጆንያ አንድ ላይ ካስቀመጥሽው እስኪታደል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ዴስኩን በተመለከተ የቴሌግራም ፎቶዎቹን እርሺያቸው። እዚያ ሃያ ልጅ በክብ ጠረጴዛ ተቀምጧል። አንቺ 56 ካሬ ሜትር ውስጥ 58 ልጅ አለሽ። ለአንድ ልጅ አንድ ካሬ እንኳ አይደርስም፤ ከዚያ ላይ የሰሌዳውና የመተላለፊያው ቦታ ይቀነሳል። በአገራችን የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ልጅ ነው፤ አንቺ እሱንም አልፈሻል። ሦስት ሦስት ሲቀመጡ 20 ዴስክ ያስፈልግሻል። በአራት ዓምድ አምስት አምስት አድርጊያቸው። የቡድን ሥራ ሲኖር ዴስክ አትጎትቺ። መቀመጫው መደገፊያ ከሌለው አንደኛውና ሦስተኛው ረድፍ ባሉበት ወደ ኋላ ይዙሩ። ስድስት ስድስት ሆነው ይገናኛሉ። አምስተኛው ረድፍ ሦስት ሦስት ሆኖ ለብቻው ይሠራል። ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ የወለሉም አቧራ አይነሣም።

ዴስኮቹን ካሰለፍሽ በኋላ አንድ ነገር አድርጊ። ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ በአራቱም ማዕዘን ያሉት ዴስኮች ላይ እየሄድሽ በልጅ ልክ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ሞክሪው፤ ከመስኮቱ የሚገባው ጮራ ሰሌዳውን የት ላይ እንደሚያንጸባርቅ ታያለሽ። ሰሌዳው ያረጀና ግራጫ ከሆነ ያንጸባርቃል፤ ጠመኔም አይይዝም። ብዙ ቦታ የባትሪ ድንጋይ ወቅጦ ማጥቆር ተለምዷል። ተዪው። ውስጡ ያለው ዱቄት ለልጅ ሳንባም ለእጅም አይሆንም። የሰሌዳ ቀለም ከስኩል ግራንቱ ዝርዝር ውስጥ አንደኛ አድርገሽ ጻፊው። ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው የሚያስቸግራቸውን ልጆች ፊት አስቀምጪ። ጎበዙን ፊት፣ ሰነፉን ኋላ ማድረግ ግን ይቅር።

የንባብ ጥግ ሁሉም ይመክርሻል። አንቺ ጋ ጥግ የለም። ስለዚህ ጥጉ ወደ ልጆቹ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቅርጫት ወይም ወፍራም ካርቶን አዘጋጂ፤ ውስጡ የሚነበብ ነገር ይኑር። መጽሐፍ ከየት ይመጣል? የተወሰነው ከቤተ መጻሕፍቱ ነው። የቀረውን ልጆቹ ይጻፉት። ዓርብ ዓርብ አንድ ልጅ አያቱ የነገሩትን ተረት ይዞ ይምጣ። «ተረት ተረት» ሲል ክፍሉ «የመሠረት» ይበለው። የተረከውን አንቺ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊለት፤ እሱ ሥዕሉን ይሣል። አራት ወረቀት ታጥፎ በመርፌና ክር መሐሉ ላይ ሲሰፋ መጽሐፍ ሆነ። ሽፋኑ የሳሙና ካርቶን ይሁን፤ የልጁ ስም ይጻፍበት። ልጆች ከታተመው ይልቅ የእነዚህን ገጽ አብዝተው ያገላብጣሉ። ቅርጫቶቹን ማታ ማታ መሬት ላይ አታሳድሪያቸው፤ ምስጥና አይጥ አለ። ከወራጁ ላይ በገመድ ይንጠልጠሉ፤ ወይም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይደሩ።

የልጆች ሥራ ሲሰቀል የሁሉም ይሰቀል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የሦስቱ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የሚቆይበት ክፍል አለ። የቀሩት ልጆች ያንን ግድግዳ ቀና ብለው አያዩትም። «58 ልጅ የት ይበቃዋል?» ትዪኝ ይሆናል። የደብተር ገጽ 15 በ20 ሳንቲሜትር ነው ብንል የ58ቱ ተደምሮ ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም። አንድ የጎን ግድግዳ ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ይቀየር፤ የወረደው ወደየባለቤቱ ይመለስ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ብቻ የሚሰቀል ነገር ካለሽ ደግሞ እዚያው ጠቅልለሽ ተዪው። ኢንስፔክሽን ያልፋል፤ ልጆቹ ግን ነገም አሉ።

ዕቃ አያያዙ ላይ ብዙ አልልም፤ መሠረቱ አንድ ነው። ማንኛውም ዕቃ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ይኑረው፤ ተረኛ ይኑረው። ጠመኔ በቆርቆሮ ጣሳ፣ ዳስተር ያረጀ ካልሲ በጨርቅ ተሞልቶ፣ ቆሻሻ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን። ደብተር ስትሰበስቢ ለየዓምዱ አንድ ካርቶን ይዙር፤ አለቃው ቆጥሮ ያስረክብሽ። 58 ልጅ ጠረጴዛሽን ከቦ ደብተር ሲወረውር ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። በሩ ላይ ጭቃ የሚጠርጉበት ጆንያ አንጥፊ። ስሙን መጻፍሽ ደግሞ ንባብ ነው፤ «ጠመኔ» የሚለውን ቃል ልጁ በቀን አሥር ጊዜ ያየዋል።

አሁን ብሩን አውጪ። ወፍራም ጥቁርና ሰማያዊ ማርከር፣ አንድ ትንሽ ጣሳ የዘይት ቀለም፣ ቀጭን ብሩሽ፣ የናይለን ገመድ፣ ሚስማር፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ መርፌና ጠንካራ ክር። በዚህ ቅደም ተከተል ግዢ፤ ብሩ ባለቀበት አቁሚ። ማጣበቂያ አትግዢ፤ ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ ስታማስዪው ለካርቶን የሚበቃ ሙጫ ይሆናል። ትኩሱን የዛሬውን ብቻ ሥሪ፤ ያደረው ይሻግታል። ፊኛና ሪባን አትግዢ። የእንግሊዝኛ ፊደል የታተመበትን ፖስተርም እለፊው። «አይ» ለሚለው ፊደል የበረዶ ቤት ሥዕል አለበት፤ ለእኛ ልጅ ሥዕሉም ቃሉም እኩል ባዳ ነው። ራስሽ ሥሪው፤ ለ«ዲ» አህያ፣ ለ«ሲ» ላም ሣይበት።

መጋረጃውን ጠይቀሽኛል። አያስፈልግም። አቧራ ይይዛል፤ ያጠብሽውን መስኮት መልሶ ያጨልመዋል። የጠዋት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ የሚያንጸባርቀው ከአንዱ መስኮት ብቻ ከሆነ፣ ከተረፈሽ ማዳበሪያ አንዱን በዘንግ አድርገሽ እሱ ላይ ብቻ ስቀዪ። አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲያልፍ ተረኛው ይጠቅልለው።